ከሐይቁ ጭቃ የወጣው ጫት

አንድ ሰው ነበረ። ሥራው የሐይቅ ጭቃ መመርመር ነው። አትሳቁ! ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ሐይቁ ዳር የበቀለ ዛፍ ቅጠሉ ውኃ ውስጥ ይወድቃል፤ ደለል ይጫነዋል። ቅጠሉ ይበሰብሳል፤ ዲኤንኤው ግን ጭቃው ውስጥ ይቀራል። የእሱ ዓይነት ባለሙያዎች የሐይቁን ወለል በረጅም ቱቦ ወግተው ጭቃውን ያወጡና፣ «እዚህ ጽድ ነበረ፣ እዚህ ኮሶ ነበረ» ይላሉ።

ይህ ሰው በቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ነው። ወጣቶችን ከሱስ የሚመክረውም እሱ ነው። ራሱ ግን ይቅማል፤ ያውም ተደብቆ! ለሥራ ከባልደረቦቹ ጋር ሐይቁ ዳር በሰነበቱ ጊዜ ከመኪናው ኋላ እየሄደ ይቅም ነበር። ጫቱን የሚያመጡለት ጀልባ ቀዛፊው ጋሽ ጉደታ ናቸው። ጋሽ ጉደታ በአደባባይ ይቅማሉ፤ የእሱን ግን ለማንም ተንፍሰው አያውቁም።

ከወራት በኋላ ውጤቱ መጣ። ከታችኛው፣ ከጥንታዊው ጭቃ ምን ተገኘ መሰላችሁ? ጫት! ሰውየው በደስታ ዘለለ። «ለካ እዚህ ጫት የነበረው ከጥንት ጀምሮ ነው!» እያለ ወደ አለቃው ወደ ዶክተር የውብዳር ሮጠ።

እሷ ግን ረጋ ብላ፣ «የባዶው ብልቃጥ ውጤትስ?» አለችው።

ባዶው ብልቃጥ ንጹሕ ውኃ ብቻ ያለበት ነው። ሐይቁ ዳር ድንኳን ውስጥ ጭቃው ሲቆረጥ አጠገቡ ተከፍቶ ይዘጋል። ከሰው እጅ የመጣ ነገር ካለ እሱ ያጋልጣል። አዩት። እዚያም ጫት አለ!

«ይሄ ከሐይቁ አይደለም፤ ከእጅ ነው» አለች። «የማን እጅ ነው?»

ሰውየው ክው አለ። ጭቃው በተቆረጠበት ቀን ጓንት ሲያጠልቅ እጁን አለመታጠቡ ትዝ አለው። ታዲያ አፉ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ጋሽ ጉደታ ይቅማሉ።»

ልብ በሉ፣ ውሸት አልተናገረም! ጋሽ ጉደታ ይቅማሉ። አንዲት ቃል አልጨመረም። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይባል የለ?

ዶክተር የውብዳር ስልክ ደወለች፤ ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ጋሽ ጉደታ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ያን ጭቃ ነክተው ነበር? ከነኩት ከእንግዲህ አብረን መሥራት አንችልም።»

ጋሽ ጉደታ ጭቃው የተቆረጠበት ድንኳን ደጃፍ እንኳን አልደረሱም። ሰውየው ይህን አሳምሮ ያውቃል።

«ጭቃ መርማሪው ምን አሉ?» ብለው ጠየቁ።

«እርስዎ እንደሚቅሙ ነገረኝ።»

ጋሽ ጉደታም ነገሩ ገብቷቸው፣ «እንግዲያው ነክቼ ይሆናል፣ ልጄ። ጥፋቱ የኔ ይሁን። እሳቸው እኮ ምክራቸውን የሚሰሙ ወጣቶች አሏቸው» አሉ።

ያን ጊዜ ሰውየው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ! አፈረ። ያፈረው በመቃሙ መሰላችሁ? እሱንማ ለምዶታል። ያፈረው በዚያች በእውነተኛ ቃሉ ነው። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ፣ «የምቅመው እኔ ነኝ፤ እጁም የኔ ነው» አለ። ስልኩ አልተዘጋም ነበርና ጋሽ ጉደታም ሰሙት።

ወገኖቼ፣ እናንተስ? «እኔ በሰው ላይ ዋሽቼ አላውቅም» ብላችሁ ነው የመጣችሁት? አምናችኋለሁ። «እሱ እኮ ይጠጣል» ያላችሁት እውነት ነው። «እሷ እኮ ትዳሯን ፈታች» ያላችሁትም እውነት ነው። ግን ለምን ተናገራችሁት? የሰውን ገመና እውነት ስታወሩ ከኋላው ማንን ደበቃችሁ? ያለ ጥፋቱ ነውራችንን የተሸከመልን ጌታ አለን፤ እሱ ሲሸከም እየሰማን እኛ ዝም ብለን ቆመናል!

ስለዚህ ዛሬ ስትወጡ ገመናውን ላወራችሁበት ሰው ደውሉ። «ስለ አንተ ያወራሁት እውነት ነበር፤ ያወራሁት ግን ራሴን ልደብቅ ብዬ ነው» በሉት። ታፍራላችሁ። እፈሩ! አሜን ለማለትም አትቸኩሉ፤ አስቀድማችሁ ደውሉ።