አዋላጂቱ ወለተ ኢያቄም የማለችው መሐላ

በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም አምነን፥ የአምላክ እናት እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም ስሟን ለምትወድ፥ ነገር ግን ልቧ ለደነደነ አንዲት ሴት ያደረገችውን እንነግራችኋለን። የሰማ ይማርበት፥ ያልሰማም ከሰማው ይጠይቅ።

በደብረ ሣህል ማርያም አጥቢያ ወለተ ኢያቄም የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፤ ሥራዋም ማዋለድ ነበረ፤ ከእናቷ ተምራው ነበርና እጇ የተባረከ ነበር። ይህች ሴት እመቤታችንን እጅግ ትወድ ነበርና ጎሕ ሲቀድ ተነሥታ ፊቷን ታጥባ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ሳታደርስ ከቤቷ አትወጣም፥ እህልም አትቀምስም ነበር። ደግሞም አንዲት ልጇን ትርንጎን በጭንቅ ባማጠች ጊዜ፥ "እመቤቴ ሆይ፥ ከዚህ ካወጣሽኝ፥ ምጥ የያዛት ሴት በስምሽ ካስጠራችኝ፥ ደሃም ብትሆን ባለጠጋ፥ ሳልሄድ አልቀርም" ብላ ተስላ ነበር። ስለቷንም ጠበቀች፤ ዝናብ ሲወርድ ገሳ ለብሳ፥ ወንዝ ሲሞላ በዱላ ተደግፋ ትሄድ ነበር፤ በቈላውም በደጋውም በእጇ የተወለዱ ልጆች ብዙ ነበሩ።

ነገር ግን እልከኛ ነበረች። አንድ ጊዜ እንቢ ካለች የሚመልሳት አልነበረም። በዶሮ ምክንያት ከጎረቤቷ ጋር ተጣልታ፥ ጎረቤቲቱ እስክትሞት ድረስ በደጇ ላለማለፍ ስትል ወደ ምንጭ የምትወርደው በገደሉ ዙሪያ ነበር። የአገሩ ሰው፥ "ተራራ ቢነቀል ወለተ ኢያቄም አትነቀልም" ይላት ነበር፤ እርሷም ይህን ስትሰማ እንደ ምስጋና ትቈጥረው ነበር እንጂ አታፍርበትም ነበር።

ከዚያም ትርንጎ አደገችና ለአቅመ ሔዋን ደረሰች፤ እናቷም ለአንድ አለቃ ልጅ ልትድራት ቃል ገባች። ትርንጎ ግን ከወንዝ ማዶ የሚኖር ቢያድግልኝ የሚባል የብረት ቀጥቃጭ ልጅ ወደደች። በዚያ ዘመን ሰው ሁሉ ቀጥቃጭ በሠራው ማረሻ ያርስ፥ በሠራውም ማጭድ ያጭድ ነበር፤ ከእርሱ ጋር በአንድ ገበታ ለመቅረብ ግን ይጸየፍ ነበር፥ ስለ ቤተ ሰቡም ክፉ ክፉ ያወራ ነበር።

ትርንጎም እናቷን፥ "እማዬ፥ ሰውየው ጾሙን ይጾማል፥ ሥጋ ወደሙ ይቀበላል፤ ሌላ ምን ትፈልጊበታለሽ?" አለቻት።

"አባቱ ቀጥቃጭ ነው።"

"ጌታችንስ ያደገው በአናጢ ቤት አይደለም?"

"ነገር አታጣምሚብኝ!" አለቻትና ፊቷን አዞረችባት።

ልጅቱም የእናቷ ልጅ ነበረችና እርሷም አልተመለሰችም፤ የነፍስ አባታቸው አባ ኅሩይ በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን አጋቧቸውና ወደ ማዶ ተሻገረች። ወለተ ኢያቄም ይህን በሰማች ጊዜ ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ ጠብቃ የቤተ ክርስቲያኑን በር ያዘችና፥ "የዚያን ቀጥቃጭ ቤት ደፍ ብረግጥ፥ የትርንጎንም ፊት በዓይኔ ባይ፥ እመ ብርሃን ትፍረድብኝ!" ብላ በሰው ሁሉ ፊት ማለች።

አባ ኅሩይም ጠርተው መከሯት፤ "ልጄ፥ እመቤታችን ለዕርቅ እንጂ ለጥል ምስክር አትሆንም። መሐላሽ ክፉ ነውና ንስሐ ግቢና ልፍታሽ" አሏት።

"በስሟ የማልሁትን አፍርሼ እርሷን ላቃልል? አላደርገውም፥ አባቴ።"

"ሄሮድስም መሐላዬን አላፈርስም ብሎ ነው የዮሐንስን አንገት ያስቈረጠው።"

"እኔ የማንንም አንገት አላስቈረጥሁም" አለችና እጃቸውን ተሳልማ ሄደች። ከዚያም ወዲህ እልኳን እልክ ብላ አልጠራችውም፤ ለእመቤታችን መታመን ነው ትል ነበር። ወንዝ ማዶ ከቀጥቃጩ ቤት ጢስ ሲወጣ ባየች ጊዜ ግን ፊቷን ታዞርና የምታደርሰውን ውዳሴ እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምረው ነበር፤ የት እንደ ደረሰች ይጠፋባት ነበርና።

ዓመትም አለፈና ትርንጎ ፀነሰች። በጾመ ፍልሰታ ሰሞን፥ ወንዙ ሞልቶ ሳለ፥ ምጥ ያዛት፤ ልጁም በማኅፀኗ ተጋድሞ አልወርድ አለ። ሌሎች የአገሩ ሴቶች የቀጥቃጭ ቤት አንገባም ብለው ቀሩ። የቢያድግልኝ እናት አጸደ የምትባል አሮጊት ሴት ይህን ባየች ጊዜ በላይኛው መሻገሪያ በጭንቅ ተሻግራ፥ ይቅርታ እንደሚለምን ሰው በጫንቃዋ ድንጋይ ተሸክማ፥ ወደ ወለተ ኢያቄም ደጅ መጥታ ተንበረከከች።

"እመይቴ፥ ልጅዎ እየሞተችብን ነው" አለቻት። "ልጁ ተጋድሟል። እኛን ከጠሉን ይጥሉን፤ ቤቱን ለቀን በሜዳ እንቆማለን። እርስዎ ብቻ ይምጡ። በእመቤታችን ስም ጠርቼዎታለሁ።"

ወለተ ኢያቄም ይህን ስትሰማ እጇ ቅባ ኑግ ወዳለበት ቅል ተዘረጋ። ነገር ግን በአጥሩ ላይ የጎረቤቶቿን ዓይን አየችና፥ 'ዛሬ ብሄድ በዚያ በር ላይ የማልሁት ምን ሊባል ነው?' አለች በልቧ። እጇንም መለሰች።

"በስሟ ምያለሁ" አለች።

አጸደም ድንጋዩን ከጫንቃዋ አውርዳ በደጁ አኖረችና፥ "እንግዲያው እርስዎ ካልሰሙኝ የጠራሁባት እርሷ ትስማኝ" ብላ እያለቀሰች ተመለሰች።

ወለተ ኢያቄም በቤቷ መቀመጥ አልቻለችም፤ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደችና በቅዳሴው ከሴቶቹ መካከል ቆመች። ስለ ልጇ ልትለምን ፈለገች፤ በእግሯ ያልሄደችላትን በጸሎት ልትሄድላት አሰበች። መጋረጃው ሲገለጥ ግን የእመቤታችንን ሥዕል ቀና ብላ አየችና ደነገጠች፤ የሥዕሉ ስፍራ ባዶ ነበርና፥ ኖራ የተቀባው ግድግዳ ብቻ ይታያት ነበር። ዓይኗን ጠርጋ ደግማ አየች፤ ያው ነበር።

አጠገቧ የቆመችውንም ሴት፥ "ሥዕሏን ማን ወሰዳት?" አለቻት።

"የትኛዋን?"

"የእመቤታችንን!"

ሴትዮዋም በመገረም አየቻትና፥ "ያቻት አይደለች እንዴ ልጇን ታቅፋ? ምን ነካሽ? ጾሙ አደከመሽ መሰለኝ" አለቻት።

ወለተ ኢያቄም ውዳሴ ማርያም ልታደርስ አፏን ከፈተች፥ ቃሉ ግን አልመጣላትም። ቅዳሴውም ሲያልቅ ወደ አባ ኅሩይ ቀርባ፥ "አባቴ፥ ሁሉ ያያታል፥ እኔ ግን አጣኋት። እመቤቴ ወዴት ሄደች?" አለቻቸው፤ የአጸደንም መምጣት ሳትደብቅ ነገረቻቸው።

ካህኑም፥ "ወዴት ትሄዳለች? ምጥ የያዛት ሴት ወደ ጠራቻት ነው እንጂ። አንቺ ስትቀሪ ማን ይሂድላት?" አሏት።

እርሷም ወጥታ ቍልቍለቱን ወረደች። ልቧ ግን ገና አልተሸነፈም ነበርና፥ 'እስከ ወንዙ ብቻ እሄዳለሁ፤ ወንዙን አላየውም ብዬ አልማልሁም' ትል ነበር። ከወንዙ ስትደርስ ጩኸት የሚሰማ መሰላትና እስከ ወገቧ እየረጠበች፥ ውኃው እየገፋት፥ በላይኛው መሻገሪያ ተሻገረች። ከተሻገረችም በኋላ፥ 'እስከ አጥሩ ብቻ ነው፤ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ምን እንደሚያደርጉ እነግራቸዋለሁ' አለች። እንዲህ እያለች እልኳን እያባበለች ከአጥሩ ደረሰች፤ በዚያም ሳለች ከቤቱ ውስጥ ሦስት ጊዜ እልልታ ሰማች፤ ሴት ልጅ ተወልዳ ነበርና። ከዚያም በኋላ የሕፃን ልቅሶ ተሰማ።

አጸደም ሕፃኒቱ የታጠበችበትን ውኃ ልትደፋ ወጣችና አየቻት። "እመይቴ፥ ምነው ወጡ? አሁን አይደለም እንዴ ልጂቱን አቅፈዋት የነበረው? ደግሞ ይህ ሁሉ ውኃ ከየት መጣ? ቅድም እኮ የልብስዎ ጫፍ እንኳ አልረጠበም ነበር" አለቻት።

"ቅድም መቼ?"

"አሁን ነዋ! እኔ ከእርስዎ ዘንድ አልቅሼ ስመለስ ቀድመውኝ ከትርንጎ ራስጌ ተቀምጠው አገኘሁዎት። በአቋራጭ መጥተው፥ ልብዎ ራርቶ ነው ብዬ እግርዎን ሳምሁ፤ አነሡኝና፥ 'ስትጠሪኝ ሰምቻለሁ' አሉኝ። ሆዷን በቅባ ኑግ አሽተው ልጂቱን አቃንተው አወጧት።"

ወለተ ኢያቄም የአጥሩን እንጨት ያዘች። "ለልጄ ምን አልኋት?" አለች።

አጸደም የምትቀልድባት መስሏት ነበር፤ ፊቷን ባየች ጊዜ ግን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "'ልጄ፥ እናትሽን ይቅር በያት' አሏት። ልጄን ቢያድግልኝንም ከደጅ ጠርተው በከሰል የጠቈረ እጁን ይዘው ባረኩት።"

ያን ጊዜ ወለተ ኢያቄም የሆነውን ዐወቀች። እመቤታችን የእርሷን መልክ ለብሳ ሄዳለች፤ እርሷ የተወችውን ስለቷን ፈጸመችላት፤ በደል የሌለባት እርሷ ለበደለኛይቱ ይቅርታ ለመነችላት። ወለተ ኢያቄምም አንድ ቃል ሳትናገር ደፉን ተሻግራ ገባችና ትርንጎ በተኛችበት መደብ ሥር በፊቷ ወደቀች።

ትርንጎም፥ "እማዬ፥ ምን ሆነሻል? ይቅር ብዬሽ የለም እንዴ?" አለቻት።

"ያችን ይቅር ብለሻት ይሆናል፤ እኔ ግን ገና መምጣቴ ነው" አለች ወለተ ኢያቄም፤ ሥዕሉን ከማጣቷ ጀምሮ ያየችውንና የሰማችውን ሁሉ እያለቀሰች ነገረቻቸው። በቤቱ የነበሩትም ሁሉ ፈርተው አማተቡ። ከዚያም ትርንጎ እጇን ዘርግታ የእናቷን ራስ ያዘችና፥ "በይ ተነሺ፤ ልብስሽ ረጥቧል፥ ብርድ ይመታሻል" አለቻት። ቢያድግልኝም ሄዶ እሳቱን አነደደላት። በዚያም ምሽት፥ የጾም እህል ሲቀርብ፥ ወለተ ኢያቄም ከቀጥቃጩ ጋር በአንድ ገበታ በላች።

በማግሥቱም ወደ አባ ኅሩይ ሄዳ ንስሐ ገባች። እርሳቸውም መሐላዋን ፈቱላትና ቀኖና ሲሰጧት፥ "በአደባባይ የማልሽውን በአደባባይ ተዪው" አሏት። ይህም ሞልቶ ከነበረው ወንዝ ይልቅ ከበዳት፤ ሦስት ሰንበት መጥታ ሳትናገር ተመለሰች፤ በኋላ ግን ያንኑ በር ይዛ፥ "ወገኖቼ፥ ለእመቤታችን የታመንሁ መስሎኝ ነበር፤ የታመንሁት ለገዛ ልቤ ነው፤ ይቅር በሉኝ" አለች። ያን ጊዜም ዓይኗን ወደ ውስጥ ብታነሣ የእመቤታችን ሥዕል በስፍራዋ ልጇን እንደ ታቀፈች ታየቻት።

ልጂቱም በሰማንያ ቀኗ ተጠምቃ ምሕረተ ማርያም ተባለች። ክርስትናውንም ያነሣችው ቀድሞ የቀጥቃጭ ቤት አልገባም ብላ የቀረች አንዲት የአገሩ ሴት ነበረች፤ የወለተ ኢያቄምን ቃል ሰምታ ተጸጽታ ነበርና። ወለተ ኢያቄምም ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ኖረች፤ ጠባይዋ በአንድ ቀን አልተለወጠም፥ እንቢ ማለትም ይቀናት ነበር፤ ነገር ግን እንቢ ባለች ጊዜ ውላ ሳታድር ሄዳ ትታረቅ ነበር። የሰው ሁሉ ምስጋና ለእመቤታችን፥ ለልጇም ለወዳጇ ሆነ።

እናንተም ይህን የሰማችሁ ወንድሞችና እኅቶች፥ የእመቤታችን አማላጅነት የደነደነውን ልባችንን ያለስልስልን፤ ተጣልታችሁ ያላችሁትን ፀሐይ ሳይጠልቅ ታስታርቃችሁ፤ በስሟ የተሳልነውን እንድንፈጽም፥ በቍጣ የማልነውንም እንድንተው ታስችለን፤ ምጥ ለያዛቸው እናቶች ፈጥና ትድረስላቸው፥ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ለመባል ታብቃቸው፤ ይህን የጻፈውን ያነበበውንም በቸርነቷ ትጠብቅ፤ ለዘለዓለሙ አሜን።