በጉም አፋፍ ሸንጎ ጋቢ ለምን ይወልቃል

በጉም አፋፍ ሸንጎ ምስክር ሊናገር ሲነሳ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን አውልቀው ከጎናቸው ያስቀምጣሉ። ብርድ ቢሆን፣ ካፊያም ቢሆን ያወልቃሉ። እንግዳ ሰው ሙቀት የበዛባቸው ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን ወዲህ ነው።

እንደሚነገረው፣ ከመንደሩ በላይ፣ ጉም በማይለየው የቀርከሃ ጫካ ውስጥ ስውሬ የምትባል ቡናማ ወፍ አለች። አውራ ጣት ብታህል ነው፤ እንደ አይጥ በቁጥቋጦ ሥር ትሮጣለች እንጂ ከፍ ብላ አትበርም። ድምፅዋን ሁሉም ይሰማል፣ ያያት ግን አልነበረም። ቀርከሃ ቆራጯ ትርንጎ ብቻ «እኔ አይቻታለሁ» ብትል አገር ሳቀባት።

ኋላ ወንድሟ ደረሶ የደብሩን ዝግባ ቆርጠሃል ተብሎ ተከሰሰ፤ ከተፈረደበት ከርስቱ ተነቅሎ አገር ሊለቅ ነው። ትርንጎ «የዚያን ዕለት ከእኔ ጋር ቀርከሃ ሲቆርጥ ነው የዋለው» ብላ ብትመሰክር፣ ከሳሹ ጓንጉል ከት ብሎ ሳቀ።

«ስውሬን አየሁ ያለችዋ? ነገ ደግሞ ዘንዶ ጋልቤ መጣሁ ትለናለች!»

የሸንጎው አውራ አባ ይርዳው ጥቂት አሰቡና «ልጄ፣ ወፏን ካሳየሽን ቃልሽ ይጸናል፤ አለዚያ የወንድምሽን ነገር ተዪው» አሏት።

አምስቱ የሸንጎው ሽማግሌዎች ከትርንጎና ከጓንጉል ጋር ወደ ጫካው ወጥተው ረፋዱን ሙሉ ተቀመጡ። ወፏ ከዚህም ከዚያም ትጮሃለች፣ ብቅ ግን አትልም። «ወፊቱም ዳኛ ታፍራለች እንዴ?» እያለ ጓንጉል ያፌዛል። ትርንጎ ወፏ እንዲህ ስትሰወርባት አይታ አታውቅም። ዞር ስትል ግን ሽማግሌዎቹ በጨለማው ጫካ ውስጥ እንደ ተሰጣ ሸማ ነጭ ብለው ታዩዋት። እሷ ወትሮ የምትመጣው በጭስና በጭቃ በወየበ አሮጌ ቀሚስ ነበር።

«አባቶቼ፣ ጋቢያችሁን አውልቁ።»

«ዳኛ በተቀመጠበት? ራቁታችንን ልታስቀሪን ነው!» አሉ አንዱ።

ዳኛ ያለ ጋቢ መታየቱ ውርደት ነበርና ተያዩ። አባ ይርዳው ግን ቀድመው አወለቁና ጠቅልለው ተቀመጡበት፤ ሌሎቹም እያጉረመረሙ ተከተሉ። ጉሙ ወርዶ ጥርሳቸውን እያንገጫገጨ ሳለ፣ ስውሬ ከቀርከሃው ሥር ወጥታ፣ ቅጠል እየገለበጠች፣ በአባ ይርዳው እግር መካከል አልፋ ሄደች ይባላል።

«ልጅቱ አልዋሸችም» አሉ ሽማግሌው። «ወፏን ያስሸሸናት እኛው ነን። ስንቱን ምስክር እንዲህ አስሸሽተን ይሆን?»

ደረሶም በእህቱ ቃል ነጻ ወጥቶ ርስቱ ላይ ቀረ።

ስውሬን ሊያይ ወጥቶ ባዶ ዓይኑን የሚመለስ ዛሬም ብዙ ነው። ታዲያ በጉም አፋፍ «የለችም» የሚል አይገኝም፤ «ጋቢ ለብሼ ነበር» ይላል።