ሚዛኑ ሁለቴ ቀጥ ያለበት ፍርድ

ኑ ጠጋ በሉ! ተረቴ በረት ትሙላ፣ ሰሚዋም አይጉደል።

በጥንት ዘመን ሰማይ አኮረፈ። ድርቁን ምን ብዬ ልንገራችሁ? ዓሣ እንኳ ከመተኛቱ በፊት አቧራውን ያራግፍ ነበር! በአገሩ የቀረችው አንዲት ምንጭ ብቻ ናት። እንስሳቱ ሲጋፉ፣ ሲረጋገጡ ምንጯ ተናደደችና አፏን በድንጋይ ዘጋች።

«ግፊያ ሰለቸኝ!» አለች። «አንድ ቁጥር ፈልጉልኝ። በራሱ አባዙት፤ ስድስት ጨምሩበት፤ በግራ ሰሃን አኑሩት። ያንኑ ቁጥር በአምስት አባዙት፤ በቀኝ ሰሃን አኑሩት። እኩል ከሆነ ጠጡ። ምስክሬ ሚዛን ነው።»

ሚዛኑም ሚዛን ነበር! አንዱ ሰሃኑ ደጋ፣ ሌላው ቆላ። የሚመዝንባቸው ድንጋዮች እያንዳንዳቸው የኮርማ ጭንቅላት ያህላሉ።

አህያ መጣ። አንድ ብሎ ሞከረ፤ ሚዛኑ ዘመመ። ሁለት አለ። ሁለት በሁለት አራት፣ ስድስት ሲጨመር ዐሥር። ሁለት በአምስትም ዐሥር። ሚዛኑ ቀጥ አለ። ምንጯ ድንጋይዋን ገለጠችለት፤ አህያ ሆዱ ከበሮ እስኪሆን ጠጣ፤ መልሳ ዘጋች።

ፍየል መጣች። ሦስት አለች። ሦስት በሦስት ዘጠኝ፣ ስድስት ሲጨመር ዐሥራ አምስት። ሦስት በአምስትም ዐሥራ አምስት። ሚዛኑ ቀጥ አለ። ልትጠጣ ስታጎነብስ አህያ አናፋባት።

«አንቺ ቀጣፊ! መልሱ ሁለት ነው!»

«ቀጣፊስ አንተ! ጆሮ ብቻ! መልሱ ሦስት ነው!»

«ለእኔ ሚዛኑ ቀጥ ብሏል!»

«ለእኔም ብሏል!»

«ጉቦ አብልተሽው ነዋ!»

እንደ አገሩ ወግ ከሳሽና ተከሳሽ ጭራ ለጭራ ተቆራኝተው ዳኛ ፍለጋ ሄዱ። የፍየል ጭራ አጭር ነው እንዳትሉኝ፤ ያኔ ወንዝ ያሻግር ነበር። ዳኛውስ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አያ ጅቦ! ፍየልና አህያ በጅብ ፊት ሊሟገቱ! ኧረ እናንተም ንደዱልኝ!

ጅቦ ጋቢውን አጣፍቶ ምራቁን ዋጠ።

«እውነት አንድ ናት» አለ። «ከሁለታችሁ አንዳችሁ ውሸታም ነው። ውሸታም ደግሞ ይበላል።»

«በምን ሕግ?» አለች ፍየል።

«በአባቶች ሕግ።»

«በማን አባቶች?»

«በእኔ አባቶች!»

«ጌታዬ ዳኛ፣ ከመበላታችን በፊት ምስክሩ ይጠየቅ» አለ አህያ። ተያይዘው ወደ ሚዛኑ ተመለሱ። ሁለትን መዘኑ፤ ፍየል በዓይኗ አየች፤ ቀጥ አለ። ሦስትን መዘኑ፤ አህያ በዓይኑ አየ፤ ቀጥ አለ።

«እመት ፍየል፣ ለካ ያንቺም ልክ ነው» አለ አህያ አፍሮ።

«ያንተም ልክ ነው፣ አያ አህያ። እርስ በርስ ስንካሰስ ለዚህ ጥርስ ራሳችንን አስረን አመጣን!»

ጅቦ ግን ምሳው ሊያመልጠው ነው። «እውነት አንድ ናት ብያለሁ! ሁለት ከሆነች ሁለታችሁም ዋሽታችኋል። ሁለታችሁንም እበላለሁ!»

ይህን ጊዜ ምንጯ ከድንጋይዋ ሥር ጮኸች። «መልሱ አንድ ብቻ ነው መቼ አልኩ?»

ሚዛኑም በቁጣ ብረቱ ጋለ። «አንተ ሆዳም! ሁለት ጊዜ ቀጥ ብዬ መሰከርኩ፤ ዓይንህ የት ነበር? መልሶቹ ሁለት ከሆኑ አንዱን ልቅበረው? ፈራጅም ይመዘናል፤ በል ያንተን ቁጥር ጥራ!»

ጅቦ ተንጠራራ። «ለእነዚህ ሁለት መልስ ከተገኘ ለእኔ ሦስተኛ አይጠፋም። የዳኛ ቁጥር ትልቅ ነው። አምስት!» ብሎ ከግራው ሰሃን ጥላ ሥር ተንጋለለ።

አምስት በአምስት ሃያ አምስት፤ ስድስት ሲጨመር ሠላሳ አንድ ድንጋይ በግራ። አምስት በአምስት ሃያ አምስት በቀኝ። የግራው ሰሃን ከሰማይ ተምዘግዝጎ ወርዶ የጅቦን የኋላ እግር ደቆሰው! ጩኸቱ ሰባት ተራራ ተሻግሮ ስምንተኛውን ሰነጠቀው። ከዚያን ቀን ወዲህ ጅብ ሲሄድ ያነክሳል።

ምንጯ ድንጋይዋን ገፍታ ከፈተች። አህያና ፍየል ጭራቸውን እንኳ ሳይፈቱ ጎን ለጎን ጠጡ።

ተረቴ እዚህ ላይ ትረፍ፤ ንዴቴ ግን ገና አልበረደም። እናንተም ይህችን ያዙ፦ ሁለት እውነት ሲካሰስ፣ ዳኛው ጅብ ይስላል ጥርስ።