ሸማን የሰየሙት ቅድመ አያት

ፊታውራሪ ድልነሳሁ የአገሩን ሸማኔዎች ሁሉ ሰብስበው፣ «ሸማ የሚለውን ቃል ያወጡት ቅድመ አያቴ ናቸው። ከእሳቸው በፊት ስሙም ልብሱም አልነበረም። ስለዚህ በየፋሲካው አንዳንድ ኩታ ታገቡልኛላችሁ። ይህን የተጠራጠረ ይገረፋል» አሉ።

አንድ ሸማኔ በጌታ ፊት እንደ ወጉ ሸማውን ከትከሻው አውርዶ፣ ወገቡ ላይ አስሮ ቆሞ ነበር። እጅ ነሣና፣ «እኔስ አምናለሁ፣ ጌታዬ። እንዲያውም ሲያስጨንቀኝ የኖረ ነገር ዛሬ ተገለጠልኝ» አለ።

«ምን ተገለጠልህ?»

«ጌታ ፊት ስንቀርብ ሸማችንን አውርደን ደረታችንን የምንገልጠው ለምን እንደሆነ አይገባኝም ነበር። ለካ ራቁታቸውን ገበያ ይወጡ ለነበሩት፣ ለቅድመ አያትዎ እናት ክብር ኖሯል!»

ፊታውራሪ፣ «ልበሱ! ሁላችሁም ልበሱ!» ብለው ጮኹ። የኩታውም ነገር በዚያው ቀረ።