የታከመ ዘር

«አንድ በቆሎ የሚያመርት ገበሬ ነበረ» ሲሉ ጀመሩ አያ ደርበው።

ጥያቄውን ያቀረበችላቸው ጥሩአየር ናት፤ ወደ ቀበሌው አዲስ የመጣች የግብርና ባለሙያ። በማግስቱ ለገበሬዎቹ ዘር ልታድል ነው። ለዚህም ወደ ሽማግሌው ቤት ጎራ ብላ እንዲህ አለቻቸው፦ «አያ፣ ስብሰባ ላይ “ገባችሁ ወይ?” ስላቸው ሁሉም “ገብቶናል” ይሉኛል። እኔ ግን እጠራጠራለሁ። ነገር ግን በአባቴ ዕድሜ ላሉ፣ ዕድሜ ልካቸውን ላረሱ ሰዎች፣ የዘሩንና የመድኃኒቱን ስም አንድ በአንድ ብተረጉምላቸው ንቀት አይሆንብኝም?»

ሽማግሌው የመለሱላት በታሪክ ነው። ታሪኩን ቀጠሉ።

ገበሬው ብርቱ ነው፤ እጀ ሰፊም ነው። ቤቱ የመጣ ሰው ጦሙን አይመለስም። አንድ ጉድለት ቢኖርበት «አላውቅም» ማለትን እንደ ውርደት መቁጠሩ ነበር።

አንድ ዓመት ዝናቡ ሊገባ ሲል ባለሙያ ወደ አገሩ መጣና ሰዉን ዋርካ ሥር ሰበሰበ። ያመጣው በቆሎ ቀለም የተነከረ ይመስል ቀይ ነው። «ይህ ምርጥ ዘር ነው፤ ደግሞም የታከመ ነው። አያያዙ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ግልጽ ነው?» አለ። ሰዉም «ግልጽ ነው» አለ። ባለሙያው ሌላ ቀበሌ ሰው ይጠብቀው ስለነበር ከጆንያው እየሰፈረ አደለና ተነሥቶ ሄደ።

ከገበሬው አጠገብ ታናሽ ወንድሙ ተቀምጦ ነበር። ጠጋ አለና «ወንድም ጋሼ፣ የታከመ ማለት ምን ማለት ነው?» ሲል ጠየቀው።

ገበሬው ሳቀበት። «በሬ ሲታከም አላየህም? በሽታ የሌለበት፣ ጤነኛ ማለት ነዋ! ይህም ይጠየቃል?» አለው፤ ሰው እስኪሰማ ድረስ ጮክ ብሎ። በዙሪያቸው ያሉት ሁሉ ሳቁ። ከሳቁት መካከል ቃሉን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። ወንድሙ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ወዲያ ማንም ምንም አልጠየቀም።

ገበሬው ዘሩን ዘራ። ጥቂት ተረፈው። «ጥንቃቄ» የተባለው አይጥ እንዳይነካው መስሎት ቅል ውስጥ ከድኖ ሰቀለው። ዝናቡ ሰመረ፣ በቆሎው በቀለ፣ አረሙም አብሮ በቀለ። ክረምቱ ከብዶ፣ ጎተራውም ሊራቆት በተቃረበ ጊዜ፣ ጎረቤቶቹን ለኩትኳቶ ደቦ ጠራ። ወንድሙም ዶማውን ይዞ መጣ።

ሚስቱ ጠዋት «ለደቦው የሚበቃ እህል የለኝም፤ ምን ላቅርብ?» አለችው።

«ያ የተረፈው ዘር አለ አይደል? ንፍሮ ቀቅይው።»

«ኧረ እኔስ ቀለሙም አላማረኝ።»

«እጠቢዋ! የታከመ ነው እያልኩሽ! እንዲያውም ከእኛው እህል እሱ ይሻላል።»

ሴትዮዋ አጠበችው። ውኃው እንደ ደም ቀላ። ደጋግማ አጠበችውና እጣቢውን ደጅ ደፋችው። ንፍሮው ሲበስል ባሏ መጥቶ በሰፌድ ተሸክሞ ወደ ማሳው ወሰደው።

ሰዎቹ ዶማቸውን አስቀምጠው ተቀመጡ። ገበሬው በእጁ ዘግኖ መጀመሪያ ለታናሽ ወንድሙ ሰጠው። ምናልባት ሰው ፊት ያሳፈረውን ሊክሰው አስቦ ይሆናል። ወንድሙ ርቦት ነበርና ጎረሰ። ጨመረለት፤ አሁንም ጎረሰ። የቀሩት ተቀብለው ገና ወደ አፋቸው ሲያደርጉ ከቤት በኩል ጩኸት ተሰማ። ሚስቱ ናት። መቀነቷ ተፈቶ መሬት ለመሬት ይጎተታል፤ የሞተች ዶሮ በክንፏ አንጠልጥላ ትሮጣለች።

«አትብሉ! ስለ ፈጣሪ አትብሉ! እጣቢውን የጠጡት ዶሮዎች አለቁ!»

ሰው ሁሉ የያዘውን በተነ፤ ከአፉ የተፋም አለ። ገበሬው ወደ ወንድሙ ዞረ። ወንድሙ ሆዱን በሁለት እጁ ይዟል፤ ላብ አጥምቆታል። አንድ ነገር ሊለው አፉን ከፈተ። የወጣው ግን አረፋ ነበር።

በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ጤና ጣቢያ ሮጡ። ሐኪሙ «ምን በላ?» ሲል ጠየቀ።

«ዘር ነው» አለ ገበሬው እያለከለከ፤ «ግን እኮ የታከመ ነው! የታከመ ነው ብለውናል!»

ሐኪሙ ክው አለ። «ሰውዬ፣ የታከመ ዘር ማለት እኮ መሬት ውስጥ ነፍሳት እንዳይበሉት በመርዝ የታሸ ማለት ነው።»

ገበሬው በቆመበት ደረቀ። «መርዝ?» አለ። ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለ። እጁን አየው፤ ወንድሙን ያጎረሰበትን እጅ። ከዚያም ጤና ጣቢያው እስኪናወጥ ጮኸ፦ «መርዝ የሚለውን ቃል እኮ አውቀዋለሁ! ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ! ታዲያ ምነው እሱን ባሉኝ?»

ወንድሙ ያን ዕለት ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተ።

ባለሙያው ለቅሶ መጣ። ፊቱ አመድ መስሎ «የታከመ ነው፣ ጥንቃቄ ይፈልጋል ብዬ ነበር እኮ» አለ። አልዋሸም፤ ብሏል። ገበሬውም «እኔም ግልጽ ነው ብዬሃለሁ» አለው። እሱም አልዋሸም፤ ግልጽ መስሎታል። ያቺ አንዲት ቃል ባለሙያው ሲናገራት መርዝ ነበረች፣ ገበሬው ሲሰማት ጤና ሆነች፤ በመካከሉ ሰው ሞተ።

ጥሩአየር እጇን አፏ ላይ ጭና ቀርታ ነበር። አያ ደርበው ወደ እሷ ዞሩ።

«ልጄ፣ አንቺ ነገ ያ ባለሙያ በቆመበት ቦታ ትቆሚያለሽ። ገበሬውን የሚመስሉት “ገብቶናል” ይሉሻል። ወንድምየውን የሚመስሉት ደግሞ ሳቁን ፈርተው ዝም ይላሉ። እነሱ ያፈሩበትን ጥያቄ አንቺ አንሺላቸው። ስተረጉም የናቅኋቸው ይመስላል ብለሽ ሰጋሽ፤ ሰውን የናቀስ ያልገባውን ቃል አስይዞ ወደ ቤቱ የሰደደው ነው። “ገባችሁ ወይ?” አትበያቸው፤ ሰው በተሰበሰበበት ለዚህ ጥያቄ “አዎ” እንጂ ሌላ መልስ የለም። “ቤት ስትገቡ ለባለቤቶቻችሁ ምን ብላችሁ ትነግሯቸዋላችሁ?” በያቸው። ያን ጊዜ ቃልሽ የት እንደ ወደቀ ታያለሽ። የአረሙንም፣ የተባዩንም “መድኃኒት ነው” ብለሽ ብቻ አትለፊው። መርዝ ከሆነ መርዝ በይው። ስሙ ያስደነግጣቸዋል፤ ይደንግጡ። በስሙ ቀድሞ የደነገጠ ሰው ወንድሙን በእጁ አይቀብርም።»