የተንበረከከ ሁሉ

አንድ ጊዜ፣ ጎረቤት ጎረቤቱን መብላት እርም በሆነበት ሸለቆ፣ እመት ከርከሮ ከአንድ ልጇ ጋር ትኖር ነበር። ከርከሮዎች ሣር ሲግጡ የፊት ጉልበታቸውን አጥፈው ይንበረከካሉ። «የምታበላን መሬት ናት፤ ፊቷ ቆመን አንበላም» ይላሉ። ከአያት ከቅድመ አያት የወረሱት እምነት ነው። ጥቂቶች ነበሩ፤ ማንንም አስቀይመው አያውቁም። በበጋ በደለል የተደፈነውን ምንጭ በአፍንጫቸው የሚጠርጉትም እነሱ ናቸው። ሁሉም ይጠጣል፤ የሚያመሰግናቸው ግን አልነበረም።

የጅብ ትርፍራፊ የለመደችው እመት ቀበሮ የእነዚያን የሰቡ ጎረቤቶች ሥጋ ከተመኘች ቆይታለች። አንድ ቀን አንበሳ ዘንድ ቀረበች።

«ጃንሆይ፣ ለእርስዎ ያልታጠፈ ጉልበት ለአፈር ሲታጠፍ እንዴት ዝም ይላሉ?»

አንበሳ እስከዚያች ቀን ነገሩን ልብ ብሎት አያውቅም ነበር። አሁን ግን ከነከነው። በማግስቱ አዋጅ ተነገረ፦ «ከንጉሡ ፊት በቀር የተንበረከከ ሁሉ ከሕግ ውጭ ነው! ደሙ ቢፈስ አይጠየቅበትም፤ ምስክርም አይሰማለትም!»

አያ ጅቦ ከዚህ ሁሉ የገባው አንድ ነገር ብቻ ነው። እንዳይረሳው «የተንበረከከ ይበላል፣ የተንበረከከ ይበላል» ሲል ዋለ።

በነጋታው ጅቦች መስኩን ወረሩት። የእመት ከርከሮ ልጅ አፉ ውስጥ ያለውን ሣር እንኳ ሳይውጥ፣ እንደተንበረከከ ቀረ። እናቱ እዚያው መስክ ላይ ሲግጥ ወደነበረው አህያ ሮጠች።

«ወንድሜ፣ አጠገቡ ነበርክ። መስክርልኝ!»

አህያ ጆሮውን ጣለ። «ማየቱንስ አይቻለሁ፣ እመት ከርከሮ። ግን እኔን እዚህ ነገር ውስጥ አታስገቢኝ።»

ብቻዋን ችሎት ቆመች። አንበሳም «ተንበርከኪልኝና ክስሽን እሰማለሁ» አላት።

«ጃንሆይ፣ ልጄ ይህን ጉልበት ከመሬት በቀር ለሌላ ሳያጥፍ ሞተ። እኔ ዛሬ ለእርስዎ ባጥፈው፣ የወደቀበትን ሣር በምን ዓይኔ አየዋለሁ?»

ከችሎት አባረሯት። ከሞት የተረፉትን ይዛ ማዶ ያለው ድንጋያማ ኮረብታ ላይ ወጣች።

በጋው ገባ። ምንጩን የሚጠርግ ጠፋና ውኃው ወደ ታች ሸሸ። አንበሳ ቆሞ ሊጠጣ ቢሞክር አንገቱ አልደርስ አለው። ጥሙ ሲጠናበት የፊት ጉልበቱን አጠፈ።

«ተንበረከከ!» ብሎ ጮኸ አያ ጅቦ፣ ከነመንጋው እየመጣ።

«አንተ ደደብ! ንጉሥህ ነኝ!»

«ምን ላድርግ ጃንሆይ? አዋጁ የራስዎ ነው።»

አንበሳ ውኃ ሊጠጣ የመጣውን አህያ አየ። «አህያ! ወንጀል አለመሥራቴን መስክርልኝ እንጂ!»

«ጃንሆይ» አለ አህያ፣ «ለተንበረከከ ምስክር አይሰማም።»

እመት ቀበሮ ፈንጠር ብላ ድርሻዋን ትጠብቅ ነበር። ጅቦቹ አንበሳን ሲጨርሱ አያ ጅቦ ቀና አለና አህያን ትኩር ብሎ አየው። አህያ ሊሸሽ ፈለገ፤ ግን ተደናቅፎ በፊት ጉልበቱ ተንበረከከ።

እመት ከርከሮ ከኮረብታው ሁሉንም አየች። አጠገቧ ያሉት እልል አሉ፤ እሷ ግን ደስ አላላትም። አንበሳ ስለተበላ ልጇ አይመለስላትም። ከድንጋዮቹ መሃል የበቀለች ትንሽ ሣር አገኘችና ተንበርክካ ጋጠች።

ከዚህ የምንማረው፣ ጥቂቶችን በእምነታቸው ከሕግ ጥላ ያስወጣም ሆነ ሲያስወጡ አይቶ ዝም ያለ፣ ተራው ሲደርስ እሱም የሚጠለልበት ሕግ እንደማያገኝ ነው።