የነጣው ደጋን

አንድ የደብል ባስ ተማሪ ነበር። ስሙን ይርዳው እንበለው። ደብል ባስ ከቫዮሊን ቤተሰብ ትልቁ ነው፤ ቁመቱ ከሰው ይበልጣል፤ ተጫዋቹ አጠገቡ ቆሞ፣ አንገቱን ይዞ፣ በደጋን እየገዘገዘ ይጫወተዋል። ድምፁ ዝቅ ያለና ወፍራም ስለሆነ ሰሚው ብዙ ጊዜ መኖሩን እንኳ አያስተውልም። የጠፋ ቀን ግን ሙዚቃው ሁሉ መቆሚያ ያጣል።

በይርዳው ከተማ የነበረው ኦርኬስትራ አንድ ብቻ ነው፤ በኦርኬስትራው ውስጥም የባስ ተጫዋች አንድ ብቻ። እኚያ አዛውንት ሞቱና ቦታቸው ክፍት ሆነ። በፈተና ሰው ይመረጣል ተባለ። ይርዳው የራሱ መሣሪያ አልነበረውም፤ የሟቹ ባለቤት ወይዘሮ አምሳለ የባላቸውን ባስ አዋሱት።

«እስከ ፈተናው ድረስ ያንተ ነው» አሉት። «ካለፍክ አብሮህ ይኑር። ካላለፍክ ግን መልስልኝ፤ ሊገዛው የሚፈልግ የሩቅ አገር ሰው አለ። እኔም መኖር አለብኝ፣ ልጄ።»

«ደጋኑስ፣ እትዬ?»

«ደጋኑማ ከሳቸው ጋር ነው የተቀበረው። እንዲህ ብለው ተናዝዘው ነበር።»

ስለዚህ ይርዳው የሚለማመድበት ደጋን ፍለጋ ወደ አንድ የሙዚቃ መሣሪያ ሻጭ ሄደ።

«ጋሼ፣ አቅሜ ትንሽ ነው» አለ ገና በሩ ላይ ቆሞ።

«አውቃለሁ» አለ ሻጩ። «አቅም ያለው ሰው መች እኔ ጋ ይመጣል?»

ሻጩ ሦስት ደጋኖች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። በሁለቱ ላይ የተወጠረው የፈረስ ጭራ ነጭ ነበር፤ በሦስተኛው ላይ ደግሞ ጥቁር። ይርዳው የተለጠፈባቸውን ዋጋ ማየት ስለፈራ ዓይኑን ጨፈነ። ሻጩ እየተቀበለና እየሰጠ፣ ይርዳው በሱቁ ጥግ በቆመ አሮጌ ባስ ላይ አንድ በአንድ ሞከራቸው። የመጀመሪያው ወፍራሙ ክር ላይ ተንሸራተተ። ሁለተኛው ሲጢጥ አለ። ሦስተኛው ግን ክሩን ጨብጦ ያዘው፤ ከባሱ ሆድ የወጣው ድምፅ በጫማው ሶል በኩል ወደ እግሩ ሲወጣ ተሰማው።

«ይሄ ነው!» አለና ዓይኑን ገለጠ። በእጁ የያዘው ጥቁሩን ነበር። ዋጋውም ከሁሉም ያነሰ ነበር።

«ጥቁር ጭራ ሸካራ ነው፤ ወፍራም ክር ይይዛል» አለ ሻጩ።

«ታዲያ ለምን ረከሰ?»

«የሚፈልገው የለማ።»

«ለምን?»

«አያምርማ!»

ይርዳው ሳቀ። ደጋኑን በጋዜጣ አስጠቅልሎ ወደ ቤቱ ሄደ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ወራት የሕይወቱ ምርጥ ወራት ነበሩ። በየቀኑ ወደ ኦርኬስትራው መለማመጃ አዳራሽ ይሄዳል፤ አንዱን ዝቅተኛ ድምፅ ሳይቆራርጥ፣ ሳያንቀጠቅጥ፣ የመስኮቱ መስታወት እስኪያጉረመርም ድረስ ይስበዋል። ሌላ ምንም አያስብም ነበር። ስለ ደጋኑ ቀለምም አያስብም ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተለማማጆቹ አዳራሹ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሻይ ሲጠጡ፣ ሲራክ የሚባለው ቫዮሊን ተጫዋች አየው።

«ይርዳው! ዝንብ አስቸገረህ እንዴ? ጭራ ይዘህ የምትዞረው?»

በረንዳው በሳቅ ተሞላ።

«ተወው እባክህ» አለ ሌላው። «ሊሾም ነው። ጭራ የሚይዝ ትልቅ ሰው ብቻ ነው!»

ይርዳውም አብሯቸው ሳቀ፤ ሌላ ምን ያድርግ? ግን በማግሥቱ ደጋኑን ከማኅደሩ ሲያወጣ ከጀርባው ሳቅ የሰማ መሰለው። ዞር ብሎ አየ። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ የየራሱን ይለማመዳል። የሳቀ ሰው አልነበረም። ይርዳው ግን ደጋኑን መልሶ ማኅደሩ ውስጥ ከተተውና ወጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደ አዳራሹ አልተመለሰም፤ ባሱን ተሸክሞ ወስዶ ክፍሉ ውስጥ በሩን ዘግቶ መለማመድ ጀመረ።

ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ሲሆን ሳቁ ጨመረ። ፈታኞቹ ጠረጴዛቸው ላይ ተደርድረው ታዩት፤ ሁሉም ጥቁሩን ጭራ ሲያዩ፣ ከዚያ እርስ በርስ ሲተያዩ፣ ከዚያም ገና አንድ ድምፅ ሳያወጣ ስሙን ሲሰርዙት። ፈተናው ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ከሰፈሩ ሱቅ በረኪና ገዛ። ሳፋ ውስጥ ከውሃ ጋር ደባለቀና ጭራውን ነከረው።

እናቱ በበሩ ብቅ አሉ። «ምን እያጠብክ ነው?»

«ደጋኔን።»

«ቆሽሾ ነው እንዴ?»

ይርዳው ሳፋውን አየ። ሳፋው ውስጥ ያለው ጭራ ድምፁን ሁሉ ተሸክሞ የኖረው፣ ወራት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ያልከዳው ያ ጥቁር ጭራ ነበር።

«አዎ፣ እማዬ» አለ። «ቆሽሾ ነው።»

ጭራው ነጭ አልሆነም። የደረቀ ገለባ የመሰለ፣ ቢጫ የሚመታው ነገር ሆነ። ይርዳው ደግሞ ነከረው፤ ደግሞም ነከረው፤ በመጨረሻ ከሩቅ ሲያዩት ነጭ መሰለ። ደርቆ ሲሞክረው ጥቂት ፀጉሮች ተበጠሱ። «የማይበጠስበት ደጋን የለም» ብሎ ለራሱ ነገረና የተበጠሱትን ነቅሎ ጣላቸው። ከዚያ በኋላ እስከ ፈተናው ድረስ መለማመዱን ተወ፤ ጭራው ክሩን እንዲይዝ የሚቀባው ሙጫ አቆሽሾ ያበላሸዋል ብሎ ፈራ።

የፈተናው ቀን ደጋኑን ከማኅደሩ አውጥቶ፣ ሁሉም እንዲያየው ከፍ አድርጎ ይዞት መጣ። ሲራክ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ነበር። «ይቅናህ!» አለው፤ ደጋኑን ቀና ብሎም አላየው። ወዲያው አንድ አስተናባሪ ይርዳውን ጠራው።

«ተራህ ነው። መጋረጃው ጋ ቆመህ ትጫወታለህ። ቃል እንዳትተነፍስ፤ እንዳታስልም።»

«የምን መጋረጃ?»

«አልሰማህም እንዴ? ዘንድሮ ፈታኞቹ ማንንም አያዩም። በዘመድ ወይም በመልክ ማንም እንዳይገባ ተብሎ ነው። አዳራሽ ውስጥ ለሁሉም ተነግሯል እኮ!»

የተነገረው ይርዳው አዳራሹን ከተወ በኋላ ነበር።

ወደ ውስጥ ገባ። ከጣሪያ እስከ ወለል የወረደ ወፍራም መጋረጃ ነበር፤ ከወዲያ ማዶ ሰው መኖሩ የሚታወቀው በወንበር ድምፅ ብቻ ነው። ይርዳው ጀመረ። ወራት ሙሉ የደከመበት እጅ የሚያውቀውን አልረሳም ነበርና ድምፁ ወጣ፤ ከመጋረጃው ማዶ አንድ ሰው በደንብ ለመስማት ወንበሩን ወደ ፊት ሲስብ ሰማ። ከዚያ ያ ረጅሙ ዝቅተኛ ድምፅ ደረሰ። እንደለመደው የክንዱን ክብደት ሁሉ ደጋኑ ላይ ጣለ። ጭራው መጀመሪያ በአንድ በኩል ተበጣጠሰ፤ ቀጥሎ የቀረው ሁሉ በአንዴ ተበጠሰ። ባዶው እንጨት ክሩን ፈተገው። ይርዳው እጁን አቆመ።

«ቀጥል» አለ ከማዶ አንድ ድምፅ።

ይርዳው በእጁ ያለውን ባዶ እንጨት አየ።

«ቀጥል እንጂ! እየሰማን ነው።»

እንዳይናገር ተከልክሏል። ቢናገርስ ምን ይላል?

«ወጥቶ ሄዷል መሰለኝ» አለ ሌላ ድምፅ። «የሚቀጥለው ይግባ።»

ኮሪደሩ ላይ ሲራክ ፊቱን አይቶ ደነገጠ። «ምነው? ምን ሆንክ?»

«ጭራው ተበጠሰ። በረኪና ውስጥ ነክሬው ነበር... ያኔ በጥቁሩ ስለሳቃችሁ።»

«መቼ?» አለ ሲራክ። እያስመሰለ አልነበረም። «እኔ ስቄ ነበር?»

ቦታውን ሌላ ሰው አገኘው። ይርዳው ባሱን ለወይዘሮ አምሳለ መለሰ፤ አልተቆጡትም። ገዢው መጥቶ በመኪና ጭኖ ወሰደው። መኪናው ከዓይን ሲጠፋ ወይዘሮ አምሳለ በራቸውን ይዘው «አሁን ገና ሞቱ» አሉ፤ ወደ ቤትም ገቡ።

ይርዳው ደጋኑን ይዞ ወደ መሣሪያ ሻጩ ሄደ። ሻጩ ባዶውን እንጨት አገላብጦ አየና ጠየቀው። «ሌላ ጭራ ልወጥርልህ?»

«ለየትኛው ባስ፣ ጋሼ?»

ሻጩ እንጨቱን መለሰለት። በእንጨቱ ሁለት ጫፎች፣ ጭራው በሚታሰርበት ጉድጓድ ውስጥ፣ በረኪናው ያልደረሰባቸው አጫጭር ጥቁር ፀጉሮች ቀርተው ነበር። ይርዳው በጣቶቹ ይዞ ሳባቸው። ባለ በሌለ ኃይሉ ሳባቸው። አልተበጠሱም።

ይርዳው ደጋኑን ሲመርጥ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ በትክክልም መረጠ። ያጠፋው ዓይኑን ገልጦ ነው። የሚስቅብን ሰው ሳቁን በረንዳው ላይ ጥሎት ይሄዳል፤ አንስተን ቤት የምናስገባው፣ የምናበላውና የምናሳድገው እኛ ነን። ያፈርንበትን ነገር ልናነጣ ስንነሣም ከቀለሙ ጋር ጉልበቱን እናጥብለታለን፤ የምናነጣለት ዓይን ደግሞ ብዙ ጊዜ ከመጋረጃ ማዶ ነው፣ ጭራሽ አያየንም። ለዚህ ታሪክ መጽናኛ ፈልጌ አላገኘሁም። በረኪና የወሰደውን ጥንካሬ የሚመልስ ውሃ የለም፤ የሄደው ባስም አልተመለሰም።

የቀረኝ ጥያቄ ብቻ ነው። እናንተስ በራችሁን ዘግታችሁ፣ «ቆሽሾ ነው» እያላችሁ፣ አሁን ሳፋ ውስጥ የነከራችሁት ምንድን ነው?